ይህ ቀለም ከየት መጣ? ስለ ሠዓሊዋ ስለ ወይዘሮ ጁሊ ምሕረቱ ሥራዎች

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከአንድ የሥዕል መጽሐፍ የተገለጠለትን ገጽ ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ይህ ቀይ ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በገጹ ላይ የነበረው የወይዘሮ ጁሊ ምሕረቱ ሥራ ነበር። ሰው የለበትም፤ ዛፍም የለበትም፤ ያለው በሺህ የሚቈጠር ቀጭን ጭረትና በጭረቱ መካከል እዚህም እዚያም የተበተነ የቀለም ቍራጭ ነው። መልስ ፈልጌ አጣሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ግን፣ መልሱ የጠፋብኝ ጥያቄው ራሱ ለዚህ ዐይነት ሥዕል የማይስማማ ስለ ሆነ መሆኑን ተረዳሁ። የወይዘሮ ጁሊን ቀለም «ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ «ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ ነገር ያገኛል። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ይህንኑ ነው።

የተማሪው ጥያቄ እንዲሁ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በአገራችን ሥዕል ያደገ ዐይን ቀለምን እንደ ቃል ማንበብ ለምዷል። የእመቤታችን መጐናጸፊያ ሰማያዊ፣ ቀሚሷም ቀይ ሆኖ ሲሣል ሠዓሊው ደስ ስላለው የመረጠው አይደለም፤ ከአባቶቹ የተቀበለው ነው። ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ወደ እኛ ሲመለከት፣ ሰይጣንና የሰይጣን ወገን ፊቱን አዙሮ በአንድ ዐይን ይሣላል። በብራና መጽሐፍም ጥቍሩ ለንባቡ፣ ቀዩ ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ነው፤ ፊደል ያልቈጠረ ምእመን እንኳ ብራናው ተገልጦ ሲያይ፣ ቀይ ባለበት ስፍራ የከበረ ስም እንዳለ ያውቃል። የሰንደቅ ዓላማችንን ሦስት ቀለሞች ትርጕም በትምህርት ቤት ያልሰማ ልጅም አይገኝም። እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው ቀይ ነገር ባየ ቍጥር ትርጕሙን ቢጠይቅ ምን ያስደንቃል?

ወይዘሮ ጁሊ ምሕረቱ በ1970 በአዲስ አበባ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። አባታቸው የጂኦግራፊው ምሁር ፕሮፌሰር አሰፋ ምሕረቱ ሲሆኑ፣ እናታቸው አሜሪካዊት ናቸው። በዓለም ሁሉ «ምሕረቱ» ተብለው የሚጠሩበት ስም፣ በእኛ ልማድ ሲታይ፣ የአያታቸው ስም ነው፤ በየሙዚየሙ ግድግዳ የሚነበበው ይህ ስም የአንድ ኢትዮጵያዊ አያት መጠሪያ መሆኑን የሚያስተውል የውጭ ተመልካች ብዙ አይመስለኝም። ቤተ ሰቡ በ1977 አገሩን ለቆ በአሜሪካ በሚሺጋን ተቀመጠ። ሠዓሊዋ በካላማዙ ኮሌጅ፣ ኋላም በሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ተምረው በ1997 የማስተርስ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ በ2005 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 በኒው ዮርክ የዊትኒ ሙዚየም የሃያ ዓመት ያህል ሥራቸውን ሰብስቦ ለሕዝብ አሳየ። ስለ ማዕረጋቸው ይህ ይበቃል።

በቋንቋችን «ቀለም» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። ጸሓፊው ብርዑን የሚነክርበት ቀለም ነው፤ ዐይናችን የሚለየው ቀዩና አረንጓዴውም ቀለም ነው። በወይዘሮ ጁሊ ሸራ ላይ ሁለቱም ይገናኛሉ፤ አብዛኞቹ ታላላቅ ሥራዎቻቸው በጽሕፈት ቀለምና በአክሪሊክ የተሠሩ ናቸውና። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የከተማ ፕላን፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የስታዲየም ወይም የአደባባይ ንድፍ በቀጭን መስመር በሸራው ላይ ይሥሉ ነበር። ከላዩ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክ ይቀባል፤ ሲደርቅ እስኪለሰልስ ይፋቃል፤ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ ይሣላል። ብራና ሲፋቅ ያየ ሰው ይህን ሥራ በቀላሉ ይረዳዋል። በመጨረሻ አንዱ ሸራ ብዙ ገጽ እንዳለው መጽሐፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ገጾቹ ሁሉ ባንድነት ይታያሉ። ከሁሉ በላይ ያሉት ትንንሽ የእጅ ጭረቶች ናቸው፤ ሠዓሊዋ ከተማሪነታቸው ጀምሮ እነዚህን ጭረቶች የሚሰደዱ፣ የሚዋጉ፣ ከተማ የሚሠሩ ገጸ ባሕርያት አድርገው አስበዋቸዋል።

ቀለሙስ? በ2004 የተሠራውንና በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ በካርኔጊ ሙዚየም የሚገኘውን «ስታዲያ ሁለት» የተባለውን ሥዕል እንመልከት። ወርዱ ከሦስት ሜትር ተኩል ይበልጣል። የስታዲየም መቀመጫዎች በቀጭን መስመር እንደ ማዕበል ይዞራሉ፤ ከላይ ሰንደቅ ዓላማ የሚመስሉ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ቅርጾች ተሰቅለዋል፤ ከሥራቸውም የቀለም ቍርጥራጭ በበዓል ቀን ከሰገነት እንደሚበተን ወረቀት ይዘንባል። ጊዜው የኢራቅ ጦርነት በየቤቱ በቴሌቪዥን እንደ እግር ኳስ ጨዋታ የሚታይበት፣ የአቴና ኦሊምፒክም የተደረገበት ጊዜ ነበር። በሥዕሉ ላይ ያለው ሰንደቅ ዓላማ የማን ነው ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኝም። ዐይን «ይህስ የእገሌ አገር ነው» ሊል ሲል ቅርጹ ይሸሸዋል። ቀለሙ ከሰንደቅ ዓላማ፣ ከኩባንያ ምልክት፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ተቈርጦ የመጣ ነው፤ የመጣበትን ስፍራ ግለት ይዞ መጥቷል፤ ስሙን ግን እዚያው ትቶ መጥቷል። በስታዲየም ተቀምጦ የጮኸ ሰው ሁሉ ይህን ግለት ያውቀዋል። ጩኸቱ ለጨዋታ ይሁን ለጦርነት፣ ሥዕሉ አይነግረንም፤ የሚያስፈራውም ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት ቀለሙ እየተመናመነ ይሄዳል። በ2009 በበርሊን በታዩት ሥራዎች ግራጫው ይገዛል፤ የተሣለውም በከፊል ተፍቆ እንደ ጪስ ይታያል። ይህ ጐዳና ያደረሰው በ2012 በጀርመን በካሰል ከተማ በታየው፣ «ሞጋማ» በተባለው ባለ አራት ክፍል ሥዕል ላይ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ቁመቱ ከአራት ሜትር ተኩል ያላነሰ ነው። ስሙ በካይሮ በታኅሪር አደባባይ ካለው ታላቅ ሕንፃ የተወሰደ ነው፤ በዚያ ሕንፃ በሺህ የሚቈጠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ይሠሩበት፣ ባለጕዳዩም ለአንድ ማኅተም ከክፍል ክፍል ሲንከራተት ይውልበት ነበር (በዚህ ነገር ባለሥልጣኖች አንባቢዎቼ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ)። በ2011 የግብፅ ሕዝብ የተነሣው ከዚሁ ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ሠዓሊዋ የታኅሪርን ዙሪያ ሕንፃዎች ሕዝብ ከተሰበሰበባቸው ከሌሎች አገሮች አደባባዮች ጋር አንዱን በአንዱ ላይ ደራርበው ሥለዋቸዋል፤ ከነዚያም መካከል አንዱ የእኛው መስቀል አደባባይ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። በ1977፣ የሠዓሊዋ ቤተ ሰብ አገሩን በለቀቀበት ዓመት፣ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚያው አደባባይ ቆመው በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት ሰባበሩ። ያን ቀን «ይህ ቀይ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈለገው ሰው አልነበረም። ነጭ ሽብር፣ ቀይ ሽብር እየተባለ ሰው በቀለም ስም የተገደለበት ዘመን ነበርና፣ ቀለም ከዚያ ቀን የበለጠ ግልጽ ትርጕም ኖሮት አያውቅም። ሠዓሊዋ ሥዕሉን ሲሠሩ ይህን አስበዋል ለማለት አልደፍርም፤ እርሳቸው ያን ጊዜ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ነገር ግን ያን ዘመን የምናውቅ፣ ወይም ከወላጆቻችን የሰማን ኢትዮጵያውያን፣ በ«ሞጋማ» ፊት ስንቆም አደባባዩን በጥቍር ቀጭን መስመር፣ በግራጫ ደመና ተሸፍኖ እናየዋለን። ቀለም የታየበት ስፍራ ጥቂት ነው፤ እርሱም ከየትኛውም አደባባይ የማይወግን ስለታም መስመር ነው። አደባባዮቹ ተደራርበው የትኛው የማን እንደ ሆነ አይለይም። የካይሮው ደስታ፣ የአዲስ አበባው ፍርሃት፣ የሌላውም ከተማ ተስፋ በአንድ ጪስ ውስጥ ናቸው። ለቀለም ትርጕም ተሰጥቶ ያደረሰውን ያየ ሰው፣ ሠዓሊዋ ትርጕሙን ከቀለሙ ላይ በመፋቃቸው እፎይ ሊል ይችላል። እኔ ብያለሁ።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው ወዲያው «እንግዲህ ሰምና ወርቅ ነዋ!» ይሉኛል። ምሳሌው ለጆሮ ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን አልቀበለውም። በሰምና ወርቅ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ አለ፤ ባለቅኔው ያውቀዋል፤ ሊቁም ከጥቂት ድካም በኋላ ያገኘዋል፤ ሲያገኘውም ሁለቱ ይስማማሉ። በወይዘሮ ጁሊ ሥዕል ግን ከሥር የተቀበረው ነገር ወርቅ አይደለም። ከሥር ያለው የተሳተ፣ የተቃጠለ ወይም የፈረሰ ነገር ነው፤ ሠዓሊዋም ቆፍረን እንድናወጣው አልቀበሩትም። የምናየው ቀለም የዚያ ነገር ትርጕም ሳይሆን የዚያ ነገር ፍም ነው። ለሁሉ ነገር ሰምና ወርቅን የምንጠራ ከሆነ የቅኔውንም ክብር እንቀንሳለን፣ ሥዕሉንም ሳናየው እናልፋለን።

ከ2016 ወዲህ ቀለሙ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን በሌላ መንገድ ነው። የሕንፃ ንድፉ ቀረና በስፍራው ፎቶግራፍ ገባ። ሠዓሊዋ ከዜና ወሬ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ይመርጣሉ፤ በኮምፒዩተር አማካይነት ያገላብጡታል፤ መልኩና ቅርጹ ጠፍቶ የቀለም ጭጋግ ብቻ እስኪቀር ያደበዝዙታል፤ ያ ጭጋግ በሸራው ላይ ይሆንና የሥዕሉ መሬት ይሆናል። በላዩ ላይ በጥቍር ቀለም ይሥላሉ፣ ያትማሉ፣ ይፍቃሉ፣ እንደ ገና ይሥላሉ። እንግዲህ «ይህ ቀለም ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ የምሳሌ ንግግር መሆኑ ቀርቶ የእውነት ጥያቄ ይሆናል፤ ብርቱካንማው የአንድ የታወቀ ቀን፣ የአንድ የታወቀ ስፍራ ብርሃን ነውና።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤን የነካው በ2018 የተሠራውና በፓሪስ በፖምፒዱ ማዕከል የሚገኘው ሥዕል ነው። ስሙ «ሂኔኒ» ሲሆን አጠገቡ የኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 ቍጥር 4 ተጠቅሷል። ቃሉ ዕብራይስጥ ነው፤ «እነሆኝ» ማለት ነው፤ ሙሴ ከሚነደው ቍጥቋጦ ውስጥ ስሙ ሲጠራ የመለሰው መልስ ነው። ሥዕሉን ከሩቅ ያየ ሰው እሳት ያያል፤ ብርቱካንማና ቢጫ ነበልባል በጥቍር ጪስ መካከል ይንቀለቀላል። ይህ እሳት የመጣው ከሁለት ስፍራ ነው። አንደኛው በ2017 ሰሜን ካሊፎርንያን ካቃጠለው ሰደድ እሳት ነው። ሁለተኛው በዚያው ዓመት በምያንማር አገር ከተቃጠሉት የሮሂንጋ ሕዝብ መንደሮች ነው፤ ከዚያ እሳት ሸሽቶ ወደ ባንግላዴሽ የተሰደደው ሰው ከሰባት መቶ ሺህ ይበልጣል። አንዱን እሳት ነፋስና ድርቅ አባብሰውታል፤ ሁለተኛውን ሰው በሰው ላይ ለኵሶታል። ሦስተኛው እሳት ደግሞ ከስሙ የሚመጣው፣ የማያቃጥለው እሳት ነው።

የእኛ አንባቢ በዚህ ሥዕል ፊት ከፓሪሱ ተመልካች አንድ ነገር ይበልጣል። ስለ ዕፀ ጳጦስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰምቷል፤ ነበልባሉ ቍጥቋጦውን እንዳላቃጠለው መለኮትም ድንግልን እንዳላቃጠላት ሲሰበክ ሰምቷል፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አይቶታል። ለእርሱ ያ እሳት የምሕረት እሳት ነው። እንግዲህ ይህን የለመደ ዐይን ብርቱካንማውን አይቶ፣ ስሙን አንብቦ፣ በልማዱ ሊያርፍ ሲል፣ እሳቱ የመጣው ከሚቃጠል መንደር መሆኑን ይሰማል። በዚያን ጊዜ የሚሰማው ነገር ቀላል አይደለም። እግዚአብሔር ከዚህም እሳት ይናገራልን? ወይስ «እነሆኝ» የሚለው በዚያ ጪስ ውስጥ ያለው ሰው ነው? ወይስ መልሱ የሚጠበቀው ሥዕሉን ከሚያየው ከእኔ ነው? ብርቱካንማው ለሦስቱም አንድ ነው፤ ሥዕሉ አንዱን ለይቶ አይፈርድም። ትርጕሙ አስቀድሞ የታወቀ ቀለም ይህን ሁሉ ሊሸከም አይችልም ነበር። ቅዱሱን እሳት በቅዱስ ቀለም የሣለ ሠዓሊ የሚያጽናና ሥዕል ይሰጠናል፤ የተቃጠለውን መንደር በፎቶግራፍ የሚያሳይ ጋዜጠኛም የሚያሳዝን ምስል ይሰጠናል፤ ሁለቱን በአንድ ነበልባል ውስጥ ይዞ ያሳየኝን ሌላ ሥራ ግን አላስታውስም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ሳልመልሰው ባልፍ አግባብ አይደለም። ሰው ሲሠቃይ የታየበትን ፎቶግራፍ ወስዶ ፊቱ እስኪጠፋ ማደብዘዝ፣ ከዚያም በሀብታሞች ግድግዳ የሚሰቀል የሚያምር ቀለም ማድረግ፣ ሥቃዩን መሸጥ አይሆንምን? በ2016 የተሠራውና በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የፈርገሰን ሥዕል፣ በ2014 ማይክል ብራውን የተባለ የአሥራ ስምንት ዓመት ጥቍር ወጣት በፖሊስ ከተገደለ በኋላ በከተማይቱ በተነሣው ተቃውሞ ላይ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የተመሠረተ ነው። በ2019 የተሠራውም «ሃካ» የተባለው ሥዕል መሠረቱ ስደተኛ ሕፃናት በቴክሳስና በካሊፎርንያ የታሰሩበት ስፍራ ፎቶግራፍ ነው። ለሥቃዩ ባለቤቶች ተቈርቋሪ የሆነ ሰው ፊታቸው ለምን ጠፋ ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው።

መልሴ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ ፊቱ በግልጽ የሚታይበት ፎቶግራፍ ሲወርድ ሲዋረድ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ጋዜጣው በማግስቱ በገበያ የበርበሬ መጠቅለያ ነው፤ ዛሬ በስልክ የሚታየው ምስል ደግሞ እስከ ማግስት እንኳ አይቆይም። የተደበዘዘው ሰው ቢያንስ ለዐይናችን ሥራ ይሰጠዋል፤ ማን እንደ ነበር ለማወቅ እንድንጓጓ ያደርገናል። ሁለተኛው መልስ ግን ለሠዓሊዋ አይመችም። አንድ ሰው ስለ ፈርገሰን ማንም ሳይነግረው ያን ሥዕል ቢያይ፣ ከቀለሙ ተነሥቶ ወደዚያች ከተማ መድረስ አይችልም። የሚያደርሰው በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። እዚህ ላይ ሥዕሉ በገዛ እግሩ አልቆመም፤ ጽሑፉን እንደ ምርኵዝ ይዟል። «ሂኔኒ» ከሌሎቹ የሚበልጠው በዚህ ነው፦ እሳቱ ማንም ሳይነግረን እሳት ነው፤ አንዲቱ የስም ቃልም የቀረውን ትሠራለች።

«ሆውል፣ ኢዮን» ስለ ተባሉት፣ በ2017 ለሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለ ተሠሩት ሁለት ታላላቅ ሥዕሎች ደግሞ ብዙ ተወርቷል። እያንዳንዱ ቁመቱ ከስምንት ሜትር፣ ወርዱ ከዘጠኝ ሜትር ተኩል በላይ ነው፤ ከስፋታቸው የተነሣ በኒው ዮርክ በሃርለም አገልግሎቱን በተወ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሠሩ። መሬታቸው የአሜሪካንን ምዕራብ ውበት ያወደሱ የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የተፈጥሮ ሥዕሎች ከዘመናችን የአመፅና የተቃውሞ ፎቶግራፎች ጋር የተዋሐዱበት ነው። ሐሳቡ ታላቅ ነው፤ ያ ውብ ምድር ከማን እንደ ተወሰደ ይጠይቃልና። እኔ ግን በእነዚህ ሥራዎች ቀለሙ ከመስፋቱ የተነሣ ምንጩን የረሳ ይመስለኛል፤ ሰማይ ሆኗል። ሰማይ ደግሞ ከየትም አይመጣም፤ ዝም ብሎ አለ። ከሠዓሊዋ ሥራዎች ትንሹ ቦታ ላይ ብዙ ነገር የታጨቀበት ይበልጥብኛል።

«ሠዓሊዋ የእኛ ናቸው ወይስ የአሜሪካ?» የሚለው ክርክር ብዙ የሚያቆየን አይመስለኝም። በ2016 ሥራዎቻቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ታይተዋል፤ ስፍራው የተገባ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን በኮሎኝ ተምረው ተመልሰው በ1963 ሥራዎቻቸውን በአዲስ አበባ ሲያሳዩ፣ ረቂቅ ሥዕል የባዕድ ነገር ነው የሚል ነቀፌታ አላጡም። ያ ነቀፌታ ዛሬም በየቡና ቤቱ አልሞተም፤ ተመልሶ የሚመጣውም በዚያው በተማሪዬ ጥያቄ መልክ ነው።

ለመምህራን አንድ የሥራ ነገር ልጨምር። እነዚህን ሥዕሎች ከመጽሐፍ የሚያሳይ መምህር፣ አራት ሜትር የሆነውን ሸራ በመዳፍ ስፋት እያሳየ መሆኑን አይዘንጋ። በእንዲህ ያለ ሕትመት የሚታየው ከሩቅ የሚታየው ብቻ ነው፤ ማለትም ቀለሙ። ከቅርብ የሚታዩት የጣት ጥፍር የሚያህሉ ጥቍር ጭረቶች፣ ሠዓሊዋ እንደ ሰው የሚያዩአቸው እነዚያ፣ ጠፍተው ይቀራሉ። ስለዚህ መጻሕፍቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሙሉው ሥዕል በኋላ ከሥዕሉ ተቈርጦ በመጠኑ የታተመ ክፍል ስላላቸው፣ ከዚያ መጀመር ይሻላል። ያንኑ ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት ጠርቼ የ«ሂኔኒ»ን አንድ ቍራጭ በዚህ መንገድ አሳየሁት፤ ስሙንም፣ ስለ እሳቱም ምንም አልነገርሁትም። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ በኋላ ጣቱን በጭረቶቹ ላይ እያሳለፈ፣ «እነዚህ ወዴት ነው የሚሮጡት?» አለኝ።